በውኃ ላይ «ኖር» አይባልም

ጠዋት ጠዋት ነፋስ የጣራዬን ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ከአልጋዬ ዘልዬ እነሣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብሶብኛል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ታዝንልኝ ነበር፤ አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ደግሞ የማንን ልጅ ውኃ ላይ አስቀምጠህ መጣህ?» ትለኛለች። የማንንም አላስቀመጥኩም። ደብረ ታቦር ላይ የነፈሰ ነፋስ እዚያ ታች ጣና ላይ ማዕበል ማስነሣቱንም እግዜር ነው የሚያውቀው። ግን ጆሮ ጡረታ አይወጣም። የወጣው ጉልበቴ ነው፤ እሱ እንዲያውም ቀድሞኝ ነው የወጣው። እኔ ገና ሽማግሌ ሳልባል ተከትዬው ሄጄ ፈረምኩ።

የስፖርት መምህር ነበርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት አንበሳሜ አካባቢ ነው። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ አንድ ኳስ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመጣፉ ብዛት የመጀመሪያው ቆዳ በላዩ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ርእሰ መምህሩ ስፖርት ማለት ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ማጋዝ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ አጥሩ ሲያልቅ እኔም ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም። እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነበር፤ መውጣቱን ሰው ይነግርሃል እንጂ አይሞቅህም።

ደብረ ታቦር እንደገባሁ ብዙም ሳልቆይ ታንኳዎቹ መጡ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለትምህርት ቤታችን የላካቸው፣ ቢጫ፣ ረዣዥም፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ ካያኮች። እያንዳንዳቸው ሁለት ልጅ ይይዛሉ። ካርታ ላይ ደብረ ታቦርና ጣና በአንድ ጣት ይሸፈናሉ፤ ያቺን ጣት ያሳረፈው ሰውዬ ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን የዓለም በርን ቁልቁለት አላየም። ልጆቹ ባዩዋቸው ቀን «ሙዝ» አሏቸው፤ ሌላ ስም አልያዘላቸውም። ሙዞቹ ከጭነት መኪና ወርደው በተማሪ ጭንቅላት ላይ ገበያውን ሲያቋርጡ አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ የጥፋት ውኃ ይመጣል ተብሎ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ እማማ፣ ለአንቱ ከፊት ቦታ ይዣለሁ» አልኳቸው። በማግስቱ ስንቃቸውን ቋጥረው መጡ እያልኩ ስንት ዓመት አውርቻለሁ። አልመጡም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ግን ሰሌዳ ቁጥር የሌለው ተሽከርካሪ አልረከብም ብሎ ሙዞቹ ግቢው ዛፍ ሥር ዶሮ እስክትታቀፍባቸው መቆየታቸው የእውነት ነው።

ማን ይንዳቸው ሲባል ሁሉም ወደ ጋሽ አስናቀ ዞረ። ጋሽ አስናቀ ከእኔ ቀድመው የገቡ የስፖርት መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበሩ፤ መንግሥት ተለውጦ አገሩ ባሕር ሲያጣ እሳቸውም ወደ ተወለዱበት ተራራ ተመለሱ። ተማሪው «አድሚራል» ይላቸዋል። ማዕረጋቸው ያን ያህል እንዳልነበረ እሳቸው ይናገራሉ፣ የሚሰማቸው የለም። ራሳቸው እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጭ ነው። የሎሚ ልጣጭ ያኝካሉ። ሐይቅ ዳር ስንደርስ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው በውኃው ፊታቸውን ይታጠቡና «እንደምን አደርክ» ይሉታል፣ እንደ ጎረቤት። ከዚያ በፊት ማንም እግሩን አይነክርም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የሥራውም ስም ፍርሃት ነበር። ከጉዞ በፊት መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የአውቶቡሱ ሾፌርም ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ፍርሃት ያዋጣል። ሌላው ያለውን መድገም አይቻልም። እኔ «የፍርሃት ዕቁብ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ሾፌሩ «ብሬኬን እፈራለሁ» አለ፤ ብሬኩ ሳይሠራ ከግቢ አልወጣንም። አንዱ ልጅ «ጉማሬ» አለ፤ ጉማሬ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቀን በሌላው በኩል ገባን። «የከሰዓቱን ነፋስ» ተባለ፤ ከቀትር በፊት ሁሉም ሰው መሬት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አንዷ «ጫማዬን፤ ውኃ ከገባበት እናቴ ትገድለኛለች» አለች፤ ጫማ ሁሉ ሾፌሩ ዘንድ ቀረ፣ አውቶቡሱ ግን ለሳምንት ሰው አላስጠጋም።

የእኔ ተራ ሲደርስ «ክንፍ ያለው ጉማሬ» እላለሁ።

«አንተ የምር ፍርሃት አዋጣ» ይሉኛል ጋሽ አስናቀ። «የውሸቱን ቤትህ ወስደህ ብላው።»

የምር የምፈራውን መናገር አልችልም ነበር። ሲጨንቀኝ ሳቅ ይቀድመኛል፤ አባቴ ሲቀበሩ እንኳ ስቄ ሰው ተቆጥቶኛል።

ለደጋ ልጅ ውኃ ማለት ወይ በጀሪካን የሚቀዳ ወይ ድልድይ የሚወስድ ነገር ነው። ስለዚህ ካያኩ ከመነካቱ በፊት ወንዛዬ ፍል ውኃ እንወርዳለን፣ ውኃ ላይ መተኛት ለመልመድ። ለወገባቸውና ለቁርጥማታቸው ፍል ውኃውን ብለው የመጡት ሰዎች «እኛ ለጸበል መጥተን እናንተ ለጭቃ» እያሉ ያጉረመርማሉ። ጋሽ አስናቀ የልጁን ማጅራት በመዳፋቸው ይደግፉና «አንገትህን ለውኃው ስጠው» ይላሉ። የደጋ ሰው አንገቱን ለማንም አይሰጥም፤ ልጁ እንደ ግንድ ይደርቃል። ስለ እናቱ፣ ስለ በጎቹ፣ ምሳ ምን እንደበላ ይጠይቁታል። ልጁ ስለ ሽሮው እያወራ ሳለ መዳፋቸውን ቀስ ብለው ይስባሉ። ወሬውን ሲጨርስ ብቻውን ተንሳፍፎ ነው። እኔ እጄን ስስብ ልጁ ሁልጊዜ ያውቅብኛል፤ ያን መዳፍ ለመማር ዓመታት ፈጀብኝ።

እንቢ ብላ የቆየችው ይታይሽ ነበረች። ከጋፋት በኩል በእግሯ የምትመላለስ፣ የገብስ ገበሬ ልጅ፣ ሳቋ የማይገኝ። ክፍል ውስጥ መምህር ሲገባ መጀመሪያ ብድግ የምትለው እሷ ናት። በመጨረሻ አንገቷን ለውኃው ስትሰጥ «ይሁን» ብላ ነው፣ እንደ ተዳረች ልጅ።

እዚህ ላይ ስለ «ኖር» ልናገር። እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠው ይነሣል፣ «ኖር» ይላል። የተከበረውም «በእግዜር» ይላል። ያኔ ይቀመጣሉ። «በእግዜር» ካልተባለ መቀመጥ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ማንም የማይነሣልኝ ሰው ስለሆንኩ መላ ፈጥሬ ነበር። መምህራን ማረፊያ ስገባ ገና ከበር ላይ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» እላለሁ። ለመነሣት ያሰበም የለ። «ማን ተነሣልህና ነው?» ይሉኛል። «ልትነሡ እንደነበር ዓይናችሁ ላይ አይቻለሁ» እላለሁ። ይህን በየቀኑ ሳደርግ አንድ ሰው እንኳ ጫማ አልወረወረብኝም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ከሐሙሲት ዝቅ ብሎ ባለው ዳርቻ ብዙ ጊዜ ወጥተን በሰላም ተመልሰናል። ልጆቹ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው ሁለት ሁለት ሆነው ይቀዝፋሉ፣ እኔ በጠባቂ ጀልባ እከተላለሁ፣ ጋሽ አስናቀ ዳር ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። እያንዳንዱ የራሱን ጥንድ ይጠብቃል፤ ፊሽካ ሲነፋ አንዱ የሌላውን ስም ይጠራል፣ የተጠራው «አለሁ» ይላል።

የዚያን ቀን ቦታ ተለዋወጥን። አንድ ልጅ ስላልመጣ ጥንዱ ብቻውን እንዳይቀር እኔ ሙዝ ውስጥ ገባሁ፤ ጠባቂ ጀልባውን ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ጋሽ አስናቀ ያዙ። ፍርሃት ሁሉ ተዋጥቷል። ጉማሬው፣ ነፋሱ፣ ደንገሉ፣ የጃኬቱ ማሰሪያ። ያልተዋጣ ነገር የለም ብዬ ሆዴ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ረፋድ ላይ ውኃው በሩቅ ሸካራ መሰለ። ነፋሱ ቀድሞ ሊመጣ ነው። ጋሽ አስናቀ ልጆቹን ለመመለስ ከኋላ መጡ፤ አጠገባቸው ሲደርሱ ኮፍያቸውን አውልቀው «እንደምን አረፈዳችሁ ልጆች» አሉ።

ነጩ ራስ ፀሐይ ላይ በራ። ይታይሽ መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ብድግ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። «ኖር» ሙሉውን አልወጣም፤ «ኖ» አየር ላይ ቀረ፣ «ር» ውኃ ውስጥ ገባ። ሙዝ ሁሉ ተገለበጠ። የእኔ ጥንድ እንኳ ተነሥቶ እኔን ይዞኝ ገባ።

ፊሽካው ተነፋ። ራሶች ብቅ ብቅ አሉ፣ ስሞች ተጠሩ፣ «አለሁ»፣ «አለሁ»፣ «አለሁ»። የይታይሽ ጥንድ ስንዱ ጠራች። ደግማ ጠራች። በሦስተኛው ድምፅዋ ተሰበረ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እኔ ብናገር ግማሽ ቀን ነው የምለው። ሐይቁ ዝም አለ። ያን ዝምታ ነው አሁን በየጠዋቱ ቆርቆሮዬ ላይ የምሰማው።

ጋሽ አስናቀ ከነልብሳቸው ገቡ። የተገለበጠውን ሙዝ በትከሻቸው ሲያነሡት ይታይሽ ከሥሩ ነበረች። ጃኬቷ ወደ ላይ ገፍቷት ከታንኳው ሆድ ጋር አጣብቋታል፤ እዚያ ውስጥ የቀረችውን ትንሽ አየር በአፍንጫዋ ጫፍ ስትምግ ነበር። ጎትተው ጠባቂ ጀልባው ላይ ጣሏት። ውኃ አስታወከች። ዓይኗን ስትገልጥ የታያት ያ ነጭ ራስ ነው። በሁለት እጇ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ እንደገና ልትነሣ ሞከረች።

«ኖር» አለች።

ጋሽ አስናቀ በሁለት ክንዳቸው ጠፍረው ያዟት። «ተቀመጪ ልጄ» አሉ። «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።» እሳቸው ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጉዞው ታገደ፣ ወላጆች ተሰበሰቡ። የይታይሽ እናት ወይዘሮ እናኑ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስድብ ለምጄ ነበር።

«ልጄ ምን አጥፍታ ነው ውኃ ሊበላት የነበረ?»

«ምንም አላጠፋችም» አሉ ጋሽ አስናቀ።

«ለሽማግሌ ተነሣች፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ባትነሣ ኖሮ እኔ ነበርሁ የምቀጣት። አሁን እናንተ ቁጭ በይ ልትሏት ነው። ውኃ ላይ ቁጭ የለመደች እደጃፌ ቁጭ አትልም? አባቷ ሲገባ ቁጭ፣ የነፍስ አባቷ ሲመጡ ቁጭ።» ነጠላቸውን አጣፉ። «ከነሕይወቷ መልሳችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከነምግባሯ የማትመልሱልኝ ከሆነ ግን አልሰጣችሁም።»

ቤቱ ሁሉ አጉረመረመ፤ ትክክል ናቸው ማለቱ ነው። ልጆቹን በየጠዋቱ ብድግ ያስባልናቸው እኛው ነን። ሽማግሌን ቁጭ ብሎ መቀበል ለደብረ ታቦር ልጅ ሊሆን የሚችል ነገር ስላልሆነ ማንም ሊፈራው አላሰበም።

በሳምንቱ ጋሽ አስናቀ ጸጉራቸውን እንደ ቁራ አጥቁረው መጡ። ከተማው ሚስት ሊያገቡ ነው አለ። እኔም አለማለት አልቻልኩም፤ «ሙሽሪት ታውቃለች?» አልኳቸው። አልሳቁም። «ሽበቴ ነው የገለበጣቸው» አሉ።

ሜዳው ላይ ግንድ አጋድመን፣ በላዩ ረጅም ሳንቃ አድርገን ልጆቹን ሁለት ሁለት አስቀመጥናቸው፤ የተነሣ ይወድቃል፣ የሚወድቀው ግን ሣር ላይ ነው። ጋሽ አስናቀ በጥቁር ጸጉራቸው ከወዲያ መጡ። ልጆቹ አዩዋቸው። ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፍነው፣ እየተንገዳገዱ፣ ተነሡ። ሳንቃው ሁሉንም ደፋቸው። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና ደግሞ ሞከሩ፤ ደግሞ ተነሡ። አትነሡ ተብለዋል፣ ገብቷቸዋል፣ ግን እግራቸው አይጠይቃቸውም።

ጋሽ አስናቀ ግንዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ጸጉሩ አይደለም ለካ። እኔው ነኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ዕቁቡን አንተ ጀምር።»

ክንፍ ያለው ጉማሬ አልመጣልኝም። «አንቱን እፈራለሁ፣ ጋሽ አስናቀ» አልኩ።

«እኔም ራሴን» አሉ።

ከዚያ በላይ ያን ቀን ማንም አላዋጣም። የማዋጣው ሌላም ነበረኝ፤ እሳቸው ከውኃ ከወጡ ልጆቹን ለእኔ መዳፍ እንደሚተዉአቸው። አላልኩትም።

በማግስቱ ልምምዱ ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። ልጆቹ ሳንቃው ላይ ናቸው፤ ጋሽ አስናቀ ከጎኔ እኩል ሜዳውን ያቋርጣሉ፤ ከውኃው እንጂ ከሜዳው ያልተከለከለችው ይታይሽ ዳሌዋን ልታነሣ ስትል አየኋት። አፌ በልማዱ ቀደመኝ። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አልኩ።

ልጆቹ ሳቁ። ሳቁና ተቀመጡ። ሳንቃው አልተንቀሳቀሰም።

ጋሽ አስናቀ ቆሙ። የሎሚውን ልጣጭ ተፉ። «ድገመው» አሉ።

ወደ ኋላ ተመልሰን እንደገና መጣን። «በእግዜር።» ተቀመጡ። አሁን እሳቸው ራሳቸው አሉት፣ ገና ከሩቅ፣ ልጆቹ ሳያስቡት። ተቀመጡ። ምላሹ ቀድሞ ከደረሰ ክብሩ እንደተሰጠ ይቆጠራል፣ እግርም ዕረፍት ያገኛል። ለዓመታት ያሾፍኩበትን ነገር ጋሽ አስናቀ ረፋዱን ሙሉ እንደ ጸሎት ሲለማመዱት ዋሉ። የዚያን ዕለት ሥርዓቱ ወጣ። ውኃ ላይ ወደ ልጆች የሚቀርብ ትልቅ ሰው ሁሉ አስቀድሞ «በእግዜር» ይላል፤ ልጆቹ ጠርዙን ጨብጠው ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ። «ኖር» መሬት ሲወጡ ቆመው ይሉታል።

ወይዘሮ እናኑ ዘንድ ጋፋት ድረስ ሄደን ነገርናቸው። «ሲወጡ ይነሣሉ?»

«ይነሣሉ።»

«እንግዲያ አልቀረም፣ ዘገየ እንጂ» አሉና ልጅቷን ፈቀዱ፤ እሳቸው ሲፈቅዱ ሌሎቹም ወላጆች ተስማሙ፣ እገዳው ተነሣ። ይታይሽ መጀመሪያ ቀን እግሯን ከነከረች በኋላ ጋሽ አስናቀ መዳፋቸውን ማጅራቷ ሥር አድርገው ስለ ገብሱ ብዙ ጠየቋት። ጥቁሩ ቀለም እየለቀቀ ነጩ ከሥሩ ብቅ ብሎ ስለነበር ራሳቸው የቆቅ ላባ ይመስል ነበር።

ጣና ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። አንድ ጊዜ «በእግዜር፣ በእግዜር» ስንል የሰሙ ዓሣ አጥማጆች እየሰመጥን የምንማጸን መስሏቸው በጀልባ ከነፉልን። እኔ መቶ ጀልባ ነበር እላለሁ። ሁለት ነበሩ።

ጋሽ አስናቀ ጡረታ ወጡ፣ ካረፉም ቆዩ። ፊሽካውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ከፊሽካው ጋር ያን ጆሮም። እንቦጭ ሐይቁን ሲወርረው በየዓመቱ አዲስ መግቢያ ፈለግን። ልጆቹ መሬት ሲወጡ ቆመው «ኖር» ይሉ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን ደርሼ አልተቀበልኩም። እነሱ ሲቆሙ እኔ እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ የመጨረሻውን ታንኳ እገፋ ነበር። ዓይኔን ከውኃው ላይ ካነሣሁ አንድ ስም ተጠርቶ «አለሁ» የማይል ይመስለኛል።

ይታይሽ ዐረብ አገር ሄዳ ስትመለስ ትምህርት ቤቱ ለታንኳ ክበቡ አሠልጣኝ አድርጎ ያዛት። የሠራችበት ቤት የመዋኛ ገንዳ ነበረው፤ የቤቱን ልጆች ገንዳው ዳር ቆማ መጠበቅ ነበር ሥራዋ። ዋናም እነሱን እያየች ተማረች። «ጋሽዬ፣ በየቀኑ ፍርሃት አዋጣ ነበር፣ ብቻዬን» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አሁንም አትስቅም።

የመጨረሻ ጉዞዬ ላይ እሷ ከልጆቹ ጋር ሙዝ ውስጥ፣ እኔ ጠባቂ ጀልባው ላይ ነበርኩ። የያኔው ሸካራ ውኃ በሩቅ ታየኝ። ልመልሳቸው ከኋላ ቀረብኩ፣ «በእግዜር» አልኩ። ነፋሱ ከፊት ነበርና ቃሉን ወደ አፌ መለሰው። ደገምኩት፤ ራሴም አልሰማሁትም። አንድ ልጅ ዞር አለ፣ አየኝ። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ያን አጋደም አውቀዋለሁ።

«በእግዜር!» አለች ይታይሽ፣ ከልጆቹ መሐል፣ በእኔ ፈንታ።

ልጁ ተቀመጠ። እጆች ሁሉ ጠርዝ ጨበጡ፣ ራሶች ዝቅ አሉ። አንድም ሙዝ አልተወዛወዘም።

ዳር ስንደርስ እንደ ልማዴ ዘልዬ ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «እርስዎ ይውጡ። የመጨረሻውን ታንኳ እኔ እገፋዋለሁ።»

«ጉልበቴ እኮ ገና…»

«ጋሽዬ፣ ይውጡ።»

ወጣሁ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይጠርጉ ነበር። ከኋላዬ ይታይሽ ፊሽካውን ነፋች፣ ስሞች ተጠሩ፣ «አለሁ» በ«አለሁ» ላይ ተደራረበ። አንዱም አልጎደለም። ከዚያ ልጆቹ ሁሉ፣ ጭቃቸውን ሳያራግፉ፣ ተነሡ።

«ኖር» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት አስቀድሜ ስጮኸው የኖርኩት ቃል ያን ጊዜ አልወጣ አለኝ። ነፋሱ ደርሶ ደንገሉን ያጎነብሰው ጀመር፤ ልጆቹ ቆመው ይጠብቃሉ።

ይታይሽ ታንኳውን ጎትታ፣ ቀሚሷን እየጨመቀች መጣች። «በእግዜር ይበሉ እንጂ ጋሽዬ» አለች። «ልጆቹ ቆመው ሊውሉ ነው።»